አቼቶ የጠጣው ሞተር

በሰፈራችን የቤንዚን ጠብታን ያህል ሰው የሚሰበስብ ነገር የለም። ሰርግ እንኳ ጥሪ ይፈልጋል፤ ለቅሶም ነጋሪ አለው። ያረጀ ሞተር ሳይክል ግን አጥር ሥር ቆሞ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር መካሪው ሳይጠራ ይጎርፋል። ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ፣ በምን ሕግ እንደሆነ እንጃ፣ ሲጋራ ያቀጣጠለው ሰው ነው። ሲጋራውን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያሸታል፣ ከዚያ «ቤንዚን ነው እንዴ?» ይላል። «አይ ጋሼ፣ ጠበል ነው» ብትሉት እንኳ አይሄድም።

የእኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። የግብርና ባለሙያው፣ የወባ ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅቱ ሰው መኪና ወደማይደርስበት ቀበሌ የሚገቡባት ሞተር ነበረች። ጉልበቷን በአገልግሎት ስትጨርስ በጨረታ ወጣች፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ እኔ ዘንድ ደረሰች። ስንት ጌታ እንደቀያየረች ሊብሬዋ ይናገራል። ሞተሯ ዛሬም ቢሆን ለመነሳት አያስለምንም። ጣጣዋ ያለው ከላይ፣ 7 ሊትር ገደማ በሚይዘው የብረት ሰልባትዮ ላይ ነው።

መካሪዎቹን እንስማ። «ሳሙና!» ይላል አንዱ፣ በእርግጠኝነት። እሱን አትናቁት፤ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ደረቅ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ በደንብ ሲታሽ ቤንዚኑን ያቆመዋል፤ ምክንያቱም ሳሙና በውሃ እንጂ በቤንዚን አይሟሟም። የአገር አቋራጭ ሾፌር መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ጎን ቁራጭ ሳሙና የሚገኘው ሾፌሩ ለንጽህና ስለሚጨነቅ አይደለም። መድኃኒቱ አንድ ጉድለት አለው፦ ዝናብ። ክረምት ሲገባ ሳሙናው የተፈጠረበት ሥራ ትዝ ይለውና አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል፤ ቤንዚኑም ይከተለዋል። ቤት ለመድረስ ይበቃል፣ ለመክረም ግን አይበቃም።

«ማስቲካ አላምጥና ለጥፍበት» የሚለው ጎረምሳ መልካም ሐሳብ አለው፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ማስቲካው እየለሰለሰ ይሄዳል። የሲሊኮኑ ሰው ከሁሉም ይከፋል። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የሚገዛው ሲሊኮን ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ ነው። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይላቀቃል፣ ውስጥ በኩል የተቀባው ደግሞ እየተቆረሰ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። አንድ ፍሳሽ ለመዝጋት ገብቶ ሁለት በሽታ ትቶ ይወጣል። ቴፍሎን የሚጠመጥመውም ያው ነው፤ ክሩ ተበጣጥሶ የቤንዚኑን ቀጭን መንገድ ይዘጋዋል።

ይህ ሁሉ ምክር የሚዘንበው ፍሳሹ ከየት እንደሚመጣ ማንም ሳያይ ነው። ጠብታ ደግሞ ዋሾ ነው። ከክዳኑ የወጣው ቤንዚን በቀለሙ ላይ ተንሸራቶ፣ የታችኛውን የብየዳ ጠርዝ ተከትሎ፣ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ሞተሩ ሥር ይወድቃል። ያየው ሁሉ «ካርቡሬተሩ ነው» ይላል። ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል፤ ጠብታውም ባለበት ይቀጥላል። እኔ የማምነው ጠመኔን ነው። ሰልባትዮውን ውጪውን ደረቅ አድርጎ መጥረግ፣ የተፈጨ ጠመኔ በጠርዙና በመክፈቻው ዙሪያ መነስነስ፣ ከዚያ ወንበር ስቦ መጠበቅ። ጠመኔው መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ እውነተኛው ምንጭ ነው። ትዕግሥት ስለሚጠይቅ በሰፈራችን ብዙ ተከታይ አላፈራም።

ሲፈተሽ፣ «ሰልባትዮው ተበሳ» ከተባለው ውስጥ ብዙው ጎሚኒ ሆኖ ይገኛል። የቤንዚኑ መክፈቻ ከሰልባትዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንዲት ጎሚኒ አለች፤ እጀታው በሚዞርበትም ሌላ አለች። በጣም በቆዩት ሞተሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ቡሽ ነው። ቡሽም ሆነ ጎሚኒ ቤንዚን እየነካው ሲኖር ይስማማዋል፤ ደርቆ ሲከርም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ሞተሩን ለረጅም ጊዜ አቁማችሁ ስትመለሱና ቤንዚን ስትሞሉ ወዲያው ጠብ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ለማስተካከል በያጅም ባትላሜራም አያስፈልግም፤ ልኳን የምታህል ጎሚኒ መፈለግ ብቻ ነው። እርግጥ ልኳን የምታህል ጎሚኒ ሶማሌ ተራ ገብቶ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «የምን ሞዴል?» ትባላላችሁ፤ ዓመቱን ስትናገሩ ሻጩ ፊታችሁን በሐዘኔታ ያያል።

ሌላው የታወቀ ፍሳሽ በእርግጥም ከካርቡሬተሩ ነው፤ ጥፋተኛው ግን እሱ አይደለም። ካርቡሬተር ውስጥ እንደ መጸዳጃ ቤት ገንዳ ኳስ የምትነሳና የምትወርድ ተንሳፋፊ አለች። ቤንዚኑ ሲሞላ ትነሳለች፣ ስትነሳም ቀጭን መርፌ ገፍታ መግቢያውን ትዘጋለች። ከሰልባትዮው የወረደች አንዲት የዝገት ቅንጣት መርፌው ጫፍ ሥር ከገባች መግቢያው አይዘጋም። ቤንዚኑ ሞልቶ በትርፍ ማስወገጃው ቱቦ መሬት ላይ ይፈስሳል። ይህ እንኳ ደግ ነው፣ ይታያል። ክፋቱ በፀጥታ ወደ ውስጥ ሲሄድ ነው። ባለአራት ምት ሞተር ላይ ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። የሞተር ዘይታችሁ መጠኑ ሳትጨምሩበት ከጨመረና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ተአምር አይደለም፤ ሳይቀየር አታስነሱት።

እዚህ ላይ ስለ እንግሊዞች አንድ ነገር ማለት ይገባል። እኛ ጠብታ ለማቆም እንጨነቃለን፤ እነሱ ግን የድሮዎቹን ትራያምፍ፣ ቢኤስኤና ኖርተን ለማስነሳት ሆን ብለው ያፈስሱ ነበር። አማል የሚባለው ካርቡሬተራቸው ጎኑ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ ጠዋት ብርድ ሲሆን ቤንዚኑ ሞልቶ ጣት እስኪያረጥብ ድረስ ቁልፏን ይጫኗታል፣ ከዚያ ይረግጣሉ። ጣቱ ሳይረጥብ የረገጠ ሰው እግሩን ብቻ ያደክማል። ቤንዚን የሸተተ ጓንት እዚያ የባለሞተር ምልክት ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን በአንዱ ጠዋት ስንት መካሪ ይሰበሰብ ነበር!

ወደ ዝገቱ እንመለስ፤ የበሽታው ሥር እሱ ነውና። ሰልባትዮ ይተነፍሳል። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ እሱ ከተደፈነ ቤንዚኑ አይወርድም፣ ሞተሩም ትንሽ ሄዶ ያንቃል። (ፍሳሽ ለመዝጋት ክዳኑን በፕላስተር የጠቀለለ ሰው አውቃለሁ፤ ፍሳሹ ቆመ፣ ሞተሩም ቆመ።) ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው በውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የውጪው አየር ከነእርጥበቱ ይገባል። ሰልባትዮው ሙሉ ከሆነ ለአየር ቦታ የለም። ግማሽ ከሆነ ግን ባዶው ግማሽ ብረት እርጥበቱን ተቀብሎ ያልበዋል። ያላበው ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ቁልቁል ወርዶ ታች ይተኛል። ዝገቱ የሚጀምረው ውሃው በተኛበት፣ በታችኛው ጠርዝና በብየዳው መስመር ላይ ነው። ቀዳዳውም በኋላ የሚወጣው እዚያው ነው።

ውሃው ተኝቶ ብቻ አይቀርም። የቤንዚኑ መክፈቻ ውስጥ ሁለት መግቢያ አለ፦ ረጅሙ ለመደበኛው፣ አጭሩ ለሪዘርቭ። በመደበኛው ስትሄዱ የምትጠጡት ከላይ ከላይ ያለውን ነው። ቤንዚን አልቆ፣ መንገዱ ሩቅ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ወደ ሪዘርቭ ስታዞሩት ያ ከታች የተኛው ውሃና ዝገት ተራው ይደርሰዋል። ሪዘርቭ ላይ ሲገባ የሚሞት ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው።

ቬስፓ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1946 ከጣሊያን የወጣችው የመሐንዲሱ የኮራዲኖ ዳስካኒዮ ሥራ ዘይቷን የምትጠጣው ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ የሰልባትዮዋ ውስጥ ሁልጊዜ ስስ የዘይት ልብስ አለው። ቬስፓ ይዘው ያረጁ ሰዎች ስለ ዝገት ሲወራ ትከሻቸውን የሚሰብቁት በዚህ ነው። ያማሃ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ዘይቱ በሌላ ዕቃ ተቀምጦ በራሱ ፓምፕ የሚሄድበትን ዘዴ አመጣ። ነጂው ማደያ ቆሞ ዘይት ከመለካት ዳነ፤ ሰልባትዮው ግን ልብሱን አጣ። ሥልጣኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲሰጥ አንድ ነገር ይነጥቃል፤ የእኔዋ ሞተር የተነጠቀችው ይህን ነው።

እኛ ደግሞ የራሳችንን ጨመርንበት። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ የተገኘ ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ለውጭ ምንዛሬው ደግ ነገር ነው፤ የስኳር አገዳችንን ማንም አይቃወምም። ይሁን እንጂ ኢታኖል ውሃ ወዳጅ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ከሚችለው በላይ ሲጠጣ ደግሞ ውሃውን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታች ይወርዳል። ለድሮ ቤንዚን የተሠሩትን ጎሚኒዎችም ይጎዳል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደግሞ በከተማዋ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት ተከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆይ። የዝገቱ ነገር ግን አያከራክርም፤ ስንቱ ሞተር ግማሽ ሰልባትዮ ቤንዚን እንደያዘ ሸራ ለብሶ ጓሮ ገባ። ሞተር የሚያረጀው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው።

ቤንዚን በጠፋ ሰሞን ደግሞ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው አለ። ስለ ጥራቱ ብዙ አልልም። ሃይላንዷ ግን አንድ በጎ ነገር አላት፦ ታሳያለች። ከሰልባትዮው ሥር የቀዳችሁትን ቤንዚን በሃይላንድ አድርጋችሁ አሳድሩት። ጠዋት ከታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካያችሁ ውሃ ነው፤ ቀይ ጭቃ ካያችሁ ሰልባትዮው ራሱ እየፈረሰ ነው።

መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ፤ አቼቶ። ከአቼቶ ውስጥ 5 በመቶ ገደማ የሚሆነው አሲድ ነው፤ ይህ ዝገቱን ለመብላት ይበቃል፣ ጤነኛውን ብረት ለመብላት ግን ይሰንፋል። የባትሪ አሲድ አፍስሱበት የሚል መካሪ አይጠፋም። እውነት ነው፣ በፍጥነት ያጸዳል፤ ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን ይቀጥላል፣ ለቆዳና ለዓይንም አይራራም። ለሰነፉ አሲድ እቆማለሁ።

የሱቁ ልጅ ያለውን አቼቶ ሁሉ ስጠይቀው ዓይኑ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«ለሞተሯ ነው።»

«ሰላጣ ትበላለች?» አለ፣ ምንም ሳይስቅ።

ባለቤቴ ጠርሙሶቹ ተደርድረው ስታይ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። ፍሬ ነገሩ፣ በዚህ ቤት ለሰው የማይገዛ ነገር ለብረት ይገዛል የሚል ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ሥራው እንዲህ ነው። ቤንዚኑ ሜዳ ላይ፣ ከእሳት ርቆ ይቀዳል። ሰልባትዮው ይወርዳል፣ መክፈቻው ይፈታል፣ ቀዳዳው ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማና በላሜራ ይታሰራል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ በኋላ እፍኝ ዳዶ ወይም አጭር ሰንሰለት ይገባበትና ይናጣል። ሰንሰለቱ ይሻላል፤ ጫፉን ይዞ ማውጣት ይቻላል። ዳዶ የመረጠ ሰው ሲያስገባ ቆጥሮ ያስገባ፣ ሲያወጣም ቆጥሮ ያውጣ፤ በተለይ የመጨረሻዋ ዳዶ እንደ ባለዕዳ ተደብቃ ትቀራለች። ድምፁ ሰፈሩን ይሞላል። ከጎን ያሉት እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ የምትወቅጠው ምንድን ነው?» አሉ። «ዝገት» ስላቸው «አይ ጊዜ!» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ አቼቶው እስከ አፉ ይሞላል። ግማሽ ከሆነ ያልነካው ብረት እንደነበረ ይቀራል። አንድ ቀን ይበቃው ይሆናል፣ ሦስት ቀንም ሊፈልግ ይችላል፤ በየመሃሉ በባትሪ እያበሩ ማየት ነው። ግራጫ ብረት ሲታይ አቼቶው ይደፋና በውሃ ይታጠባል፤ በውስጡ የቀረው አሲድ እንዲሞት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መናጥ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የሚያርፍ ሰው ድካሙ መና ይቀራል። ገና የተጸዳ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ብርቱካንማ ይሆናል። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ ነፋስ እየሰጡ ቶሎ ማድረቅ፣ ወዲያው የሁለት ምት ሞተር ዘይት እያገላበጡ ማልበስ። ያን ጊዜ የእኔዋ ያማሃ በቬስፓ ላይ የምትቀናበትን ልብስ ታገኛለች። (የፀጉር ማድረቂያው የማን እንደሆነ አትጠይቁ።)

አንዳንዴ ታዲያ ከጸዳ በኋላ ነው ማፍሰስ የሚጀምረው። ባለሙያው አይደለም ያበላሸው፤ ቀዳዳው ድሮም ነበረ፣ ዝገቱ ራሱ ደፍኖት ኖሮ ነው። ያኔ በያጅ ይጠራል፤ እዚህ ጋ ግን ቀልዱን አቆማለሁ። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚፈነዳው ቤንዚኑ አይደለም፣ ትነቱ ነው፤ በአየር ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ሲሆን አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ብትወጡ ያን ያህል ብርድ አታገኙም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድም በንኖ አይጠፋም፤ ታች ተኝቶ ይጠብቃል። «ከወር በፊት ነው ባዶ ያደረግነው» የሚል በያጅ ካጋጠማችሁ ሰልባትዮውን አቅፋችሁ ውጡ። የሚያውቅ በያጅ ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያጥባል፣ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲሆን አዙሮ እስከ ቀዳዳው ሥር ድረስ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ ነው እሳት የሚያስበው። ለመርፌ ቀዳዳ ደግሞ ብየዳም አያስፈልግም፤ ከታጠበ በኋላ ሌላ ቦታ በጋለ ብረት ስታኞ ማቅለጥ ይበቃል።

ውስጡን በኢፖክሲ መቀባት የሚመርጡ አሉ። እኔ የመጨረሻ አማራጭ ነው እላለሁ። በደንብ ባልጸዳ ብረት ላይ የተቀባ፣ ወይም ኢታኖል የማይችል ቅብ፣ ዓመት ሳይሞላው እየተላጠ መክፈቻውን ይወትፋል፤ እሱን መልሶ ማውጣት ደግሞ ከዝገት ይብሳል። ዝገት ቢያንስ በአቼቶ ይለቃል።

ጓሮ ሞተር ያቆማችሁ ሁሉ፣ ግማሽ አድርጋችሁ አትተዉት። ወይ እስከ አፉ ሙሉትና ከሰል ከሚነድበት ክፍል አርቁት፣ ወይ ሙጥጥ አድርጋችሁ ቀድታችሁ ዘይት አልብሱት። የቀዳችሁትን ቤንዚን ቦይ ውስጥ አትድፉ፤ ቦዩ ሲጋራ በሚጣልበት ሰፈር ያልፋል። የትኛው እንደሚሻላችሁ ለመወሰን ዛሬ ማታ ክዳኑን ክፈቱና ውስጡን እዩት፤ በባትሪ እንጂ በክብሪት እንዳይሆን።